የቬትናም ሽማግሌዎች በመካነ ሰላም

መካነ ሰላም፣ ሰኞ ኅዳር 5 ቀን 1998 ዓ.ም.

ዛሬም በቅጡ አልተኛሁም። ከወግዲ መጥቼ ልጄ ዘሀራ ቤት ካረፍኩ ወዲህ እንቅልፍ አኩርፎኛል። ጅዳ ለፍታ ባጠራቀመችው ገንዘብ የሠራችው ቤት ነው። «ብቻዎን ከሚሆኑ ጠቅልለው ይምጡና አብረን እንኑር» ብላኛለች። እኔም «እንቅልፍ ከወሰደኝ እኖራለሁ፤ ካልወሰደኝ ወደ ጎጆዬ» አልኳት።

ከተማው እንደሆነ ሌላ ሆኗል። በወጣትነቴ በቅሎዬን የማስርበት ሜዳ ላይ ፎቅ ቆሟል። «ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» ብዬ ፎክሬ ትናንት የሰው ግቢ ገባሁ፤ ውሻው አሳፈረኝ።

የዘሀራ ባል ካስቀመጠው መጽሔት ስለ ዛሬዋ ቬትናም አነበብኩ። ያ ሁሉ ቦንብ የወረደበት አገር አሁን መንገዱ በሞተር ብስክሌት ተጨናንቋል። የገረሙኝ ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ጎህ ሲቀድ ሐይቅ ዳር ወጥተው እጅ እግራቸውን ያፍታታሉ።

እኔም ዛሬ ሱብሒን ሰግጄ ስወጣ የድሮ ወዳጄን ታደሰን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ያዝኩት።

«ና፣ እንደ ቬትናሞች እንወዛወዝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እንቅልፍ ማጣቱ አናትህ ላይ ወጣ?» አለኝ። ጋቢውን ግን አጥር ላይ ሰቀለ። አላፊ አግዳሚው እየሳቀብን ጉልበታችን እስኪንቋቋ ተወዛወዝን።

ቁርስ እንደበላሁ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወሰደኝ። የነቃሁት በቀትሩ የዙህር አዛን ነው። ዘሀራ አጠገቤ ቆማለች።

«አባ፣ ተኙ እኮ!» አለች፤ ፊቷ በርቷል።

«ማን? እኔ? ዓይኔን ጨፍኜ እያነበብኩ ነበር» አልኳት።

ነገም ታደሰን እይዘዋለሁ። ከነገ ወዲያም። እዚሁ እንደምኖር ለዘሀራ ግን ገና አልነግራትም፤ ትንሽ ትለማመጠኝ።