ካሴቱ ነው ያረጀው

ይድረስ ለወንድሜ ለዮፍታሄ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሃል? እኛ ዓለም ከተማ ደኅና ነን፤ ዝርዝሩ ከታች አለ።

የላክኸው ማጫወቻ ደርሷል። ሦስት ዓይነት የጌም ካሴት ይቀበላል፤ ሣጥን ውስጥ የከረሙት የልጅነት ካሴቶቻችን ሁሉ ሠሩ። አባባ የመኪና እሽቅድምድሙን ይዘው ቀሩ። ድሮ ሁለታችንንም ቀድመው ያስለቅሱን ነበር። አሁን ከግራ የሚመጣውን ሁሉ በጥበብ ያልፉታል፤ ከቀኝ የሚመጣውን ግን አንድም ሳይምሩ ይገጫሉ።

«አባባ፣ መኪና ነበር እኮ!»

«የት? አንቺ ደግሞ! ካሴቱ ነው ያረጀው።»

ነቅለው እፍ ይሉበትና ይመልሱታል። በዚህ ሳምንት ብቻ ሃያ ጊዜ እፍ ተብሏል፤ ከቤታችን ዕቃ እንደ እሱ የጸዳ የለም።

አውቶቡሳቸውን እንደ ወትሮው ይነዳሉ። ቅዳሜ ሰርገኛ ጭነው የጃማን ሸለቆ ይወርዳሉ። ቁልቁለቱ ሲጀምር ተሳፋሪው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማል፤ እሳቸውም «እኔ እያለሁ ምን አስፈራችሁ?» ይላሉ። ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ወደ ሰርጉ ባይጠሩኝም ጋቢና ከጎናቸው ቦታ ይዣለሁ። በቀኝ በኩል ያለውን አገር ሁሉ፣ አንድ ድንጋይ ሳላስቀር፣ ጮክ ብዬ እያደነቅሁ እወርዳለሁ።

መንገደኛን የሚጠብቅ አምላክ አንተንም እኛንም ይጠብቅ።

እኅትህ ሐና