ወይዘሮ ዳግኒ ሊንድሮትና ማንም ያላሸተተው ጋዝ

ወይዘሮ ዳግኒ ሊንድሮት ከአባታቸው ከአቶ ኤድቪን ስቶልበሪና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 9 ቀን 1934 በስዊድን፣ በቬርምላንድ፣ ከፊሊፕስታድ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር መንደር ተወለዱ። የቤተሰቡ ሀብት አንዲት የጭነት መኪናና ሊልሮስ የምትባል ላም ነበሩ። ላሟን ልብ በሉልን፤ ኋላ ትመጣለች።

በጦርነቱ ዘመን ቤንዚን ሲጠፋ የአባታቸው መኪና እንደ ሌላው ሁሉ ከሚቃጠል እንጨት በሚወጣ ጋዝ ነበር የምትሄደው። በጥር 1942፣ ብርዱ በከፋበት ሰሞን፣ አቶ ኤድቪን የጋራዡን በር ዘግተው ሞተሩን ሲያሞቁ በዚያው አሸለቡ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም። የማስጠንቀቂያ ወረቀት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የተጻፈው ግን ሹፌር በማያውቀው የምሁር ቃል ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩት ዳግኒ ያን ቀን የያዙትን ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም፦ የጋዝ ስም ያልገባው ሰው ይሞታል።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው ጨርሰው እንግሊዝኛን በፖስታ ተማሩ። በ1956 በአንድ የጋዝ ፋብሪካ በጸሐፊነት ተቀጠሩ። በ1958 የፋብሪካውን በያጅ አቶ ኢቫር ሊንድሮትን አግብተው ልጃቸውን ሲግሪድን ወለዱ።

ፋብሪካው ሲሊንደር ወደ ውጭ አገር መላክ ሲጀምር የስዊድንኛውን የጋዝ ስም ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ የመመለስ ሥራ በወይዘሮ ዳግኒ ላይ ወደቀ። ሠራተኛው ናይትሮጅንን «አፋኙ» ይለዋል፤ ማዕድን ቆፋሪው ሜቴንን «የጉድጓድ ጋዝ» ይለዋል፤ ጥርስ ሐኪሙ ደግሞ ማደንዘዣውን «የደስታ ጋዝ» ይለዋል። እሳቸው መዝገበ ቃላት ገልብጠው የሚያልፉ ሰው አልነበሩም። ጋዙ ወዳለበት ወርደው ሠራተኛውን ያፋጥጡታል፦ «ይሸታል? ወደ ላይ ነው የሚወጣው ወይስ እግር ሥር ይተኛል? ሰው ወድቆበት ያውቃል?» እንግሊዝኛውን በትንሽ ካርድ ላይ የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመት ስድስት የጫማ ካርቶን ሞሉ።

አለቃቸው ኢንጂነር ቶርቫልድ አስፕሉንድ ነበሩ። ዛሬም በዚህ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጠው ይገኛሉ፤ እንኳን ደህና መጡ። ካርዶቹ ዓርብ ዓርብ እየጠፉ ሰኞ ሰኞ ይመለሱ ጀመር። ወይዘሮ ዳግኒ በ1969 አንዲት ካርድ ጨመሩ፦ «የሊልሮስ ጋዝ። ቀለም የለውም። ትኩስ ወተት ትኩስ ወተት ይሸታል። የሚገኘው ጠዋትና ማታ ብቻ ነው። ማንንም አይጎዳም።» የእንግሊዝኛ ስምም አበጁለት። አባታቸውን ጋዝ የቀማቸው ሴት ሰው የሚጎዳ ሐሰት አይጽፉም፤ ስለዚህ ላሟን ጻፉ። የካርዱን ቅጂ አሽገው በአደራ ፖስታ ለራሳቸው ላኩና ሳይከፍቱ አስቀመጡት።

በ1971 ካርዶቹ የጋዝ ስሞች መዝገበ ቃላት ሆነው በመጽሐፍ ወጡ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የኢንጂነሩ ብቻ ነው። መቅድሙ «በታይፕ የረዱንን እመቤት» ያመሰግናል፤ የእመቤቲቱን ስም ግን አያነሣም። ገጽ 88 ላይ ሊልሮስ አለች! በ1976 በወጣው ሁለተኛ እትም ደግሞ ኢንጂነሩ፣ ጉድ እኮ ነው፣ «በራሴ ቤተ ሙከራ ለካሁት» ብለው ጋዙ የሚፈላበትን ሙቀት ጨመሩበት። ያን ቀን ወይዘሮ ዳግኒ ወጥ ቤት ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ።

አቶ ኢቫር፣ «ዳግኒዬ፣ በሞቴ ተይው፤ እኔም የምሠራው እሱ ሥር ነው» ሲሏቸው፣ «እሺ፣ አንተ ጡረታ እስክትወጣ ዝም እላለሁ። ለዘላለም ግን አላልኩም» አሉ። ቄሱም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብለው ሊገሥጿቸው ሞክረው ነበር። «ሳሉ የእኔ ነው፣ ስርቆቱ ግን የሌላ ሰው ነው፤ እሱን ይምከሩልኝ» ብለው መለሷቸው።

አቶ ኢቫር ጡረታ ወጥተው በ1998 ካረፉ በኋላ ወይዘሮ ዳግኒ ለኢንጂነሩ ሦስት ጊዜ ጻፉ። የለመኑት አንድ ነገር ነው፦ ስሜ መጽሐፉ ላይ ይግባልኝ። መልሱ በየዓመቱ የገና ካርድ ሆነ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። የኦክስጅን ሲሊንደር ቤታቸው ሲገባ የተለጠፈበትን እንግሊዝኛ በመነጽር አነበቡና «ትክክል ነው» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው መተንፈሻውን ያስገቡት። ኅዳር 14 ቀን 2016 በተወለዱ በ82 ዓመታቸው ዐረፉ። ከልጃቸው ከሲግሪድ ሁለት የልጅ ልጆች አይተዋል። ኑዛዜያቸው አጭር ነው፦ «ጸሎቱን አሳጥሩት። ኢንጂነሩን ግን ሳትጠሩ እንዳትቀሩ፤ የሚወደውን አረንጓዴ ኬክም እዘዙለት።» ኬኩ ታዟል።

ሣጥኑ ላይ ከአበባው ጎን የምታዩት ፖስታ ያ ሳይከፈት የኖረው ነው። የፖስታ ቤቱ ማኅተም የ1969 ነው፤ መጽሐፉን በሁለት ዓመት ይቀድማል። አሁን ቄሱ ከፍተው ያነቡታል።

ከዚያ እንደ ልማዳችን እያንዳንዱ አንዲት አበባ ይዞ ወደ ሣጥኑ ይቀርባል፣ ለሟች ሁለት ቃል ይናገራል፣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ተራ ለኢንጂነር አስፕሉንድ ሰጥቷል። የሊልሮስ ጋዝ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለወይዘሮ ዳግኒ ይንገሯቸው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ሊሰሙት ሲጠብቁ ነበር።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን አባታቸውን የቀማቸው ጋዝ በማይደርስበት ንጹሕ አየር ያሳርፍልን። ኢንጂነር፣ ይነሡ።