ሁሉም በእትዬ ሃሎ በኩል

እትዬ ሃሎ እያልን የምንጠራቸው እናታችን፣ እህታችንና አክስታችን በ1946 ዓ.ም. ለልብስ ሰፊው አባታቸውና ለአዋላጇ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ወደዚህ ዓለም መጡ። እናታቸው የሰው ልጅ ሲያዋልዱ ስለሚውሉ፣ እትዬ ገና በሰባት ዓመታቸው ሁለት ወንድሞቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ማዘል፣ ማስታረቅና አፍንጫ መጥረግ የእርሳቸው ሥራ ሆነ። በዚሁ መሐል እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረዋል። መምህሮቻቸው ዝምተኛ ናት ይሏቸው ነበር፤ ዝም ለማለት ጊዜ የሚያገኙት ትምህርት ቤት ብቻ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

በ1965 ዓ.ም. በስልክ መሥሪያ ቤት የማዞሪያ ሠራተኛ ሆነው ተቀጠሩ። አሥር ሴቶች ቀዳዳ በበዛበት ሰሌዳ ፊት በረጃጅም በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ ማዳመጫ አጥልቀው፣ የደዋዩን ገመድ በተፈላጊው ቀዳዳ ሲሰኩ ይውሉ ነበር። መስኮቱ ከራስ በላይ ስለሆነ ብርሃን እንጂ መንገድ አያሳይም። ተተኪ ሳይቀመጥ ከበርጩማ መነሣት ክልክል ነው። ይህ ደንብ አጥንታቸው ድረስ ገብቶ፣ ቤታቸው እራት በልተው ሲነሡ እንኳ «የሚተካኝ ማነው?» ይሉ ነበር። በራቸው ሲንኳኳም «ሃሎ» ብለው ስለሚከፍቱ ስሙ በዚያው ጸና።

በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ማዞሪያው እየደወሉ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ብለው የሚጠይቁ ሰው ነበሩ፤ ሥራቸው ግን ሰዓት መጠገን ነበር። ከእኒህ ደግ ሰው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል፤ ዛሬ ነርስ ናት። ባለቤታቸው በ1991 ዓ.ም. አረፉ። ማዞሪያው ቀደም ሲል በማሽን ተተክቶ ስለነበር፣ እትዬ የስልክ ቁጥር ለጠየቀ በሚነገርበት የመረጃ ክፍል ሠርተው በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ።

ወጡ ይባል እንጂ፣ ሥራው ቀድሟቸው ቤት ገብቶ ነበር። ከሁለቱ ወንድሞቻቸው ታላቅየው አናጢውና ታናሽየው መምህሩ በ1993 ዓ.ም. በአባታቸው የስፌት መኪና ተጣልተው ተኳርፈዋል፤ ሁለቱም መስፋት አይችሉም። ከዚያ ወዲህ መልእክታቸው በእትዬ በኩል ሆነ። አናጢው «ለዚያ ግትር ንገሪልኝ» ሲሉ፣ እትዬ እሾሁን ነቅለው «ወንድምህ ሰላም ብሎሃል» ያደርሳሉ። ሌሎቻችንም ቀስ በቀስ ለመድነው። ስለ ሁላችንም ለመስማት ለእርሳቸው መደወል ይበቃ ስለነበር፣ የእርስ በርስ ቁጥር መያዝ ተውን። የቤተሰብ ግሩፕ ሲከፈት ሠላሳ አንድ ሰው ገባበት፤ ሆኖም ሁሉም ለእትዬ ይጽፋል፣ እርሳቸው ወደ ግሩፑ ያስተላልፋሉ። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

በ2011 ዓ.ም. እትዬ ለልጃቸው ብቻ ነግረው፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ኮረብታ ሥር ሁለት ክፍል ቤት ተከራዩ። መጋረጃ ሰቀሉ፣ ቲማቲም ተከሉ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ሰው ሳይጠራቸው ኖሩ። በአራተኛው ቀን ሁለቱ ወንድሞቻቸው የእትዬን ልጅ ወትውተው ቦታውን አውቀው፣ በየራሳቸው መኪና ተከታትለው ደረሱ። አናጢው ገብተው «እትዬ፣ አንቺ ከሌለሽ እኮ ተበተንን» ሲሉ፣ መምህሩ ተራቸው እስኪደርስ ውጭ ጠበቁ፤ ገብተውም ያንኑ ተናገሩ። እትዬ ብዙ አልተከራከሩም። መጋረጃውን በእጃቸው አውርደው አጠፉና «የሚተካኝ ስታገኙ ንገሩኝ» ብለው መኪና ውስጥ ገቡ። እውነቱን እንናገርና፣ ተተኪ አልፈለግንም። የተመቸው ሰው ምን ብሎ ይፈልጋል?

በ2014 ዓ.ም. የልብ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሙ ስልኩን አጥፍተው እንዲያርፉ ቢመክራቸው ለአንድ ከሰዓት አጠፉት፤ ምሽቱን ስድስታችን በራቸው ላይ ተሰልፈን «ምነው ጠፋሽብን?» አልናቸው። ከዚያ በኋላ አላጠፉትም።

የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደረታቸውን ወጋቸው። ለነርሷ ልጃቸው ደወሉ፤ ሥራ ላይ ስለነበረች አላነሣችም። ወዲያው አናጢው ደውለው ለመምህሩ የሚደርስ መልእክት ነገሯቸው፤ እትዬም አደረሱ። ቀጥሎ ታናሽ እህታቸው ደወሉ። «ትንሽ ደከመኝ» አሏቸው። እህታቸውም «በይ ይቺን ብቻ ለአናጢው ንገሪልኝና ትተኛለሽ» አሉ። እትዬ እሺ አሉ፤ ይህም ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሰባት ጊዜ ተደውሎ አልተነሣም። እያንዳንዳችን ከሌላው ጋር የሚያወሩ መሰለን። ሌላውን እንዳንጠይቅ ቁጥሩ የለንም። መምህሩ የሚኖሩት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ልጃቸው ከሥራ ወጥታ የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እትዬ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተው ነበር። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ እንደነበር ነግሮናል። ይህን ከዚህ ጽሑፍ እናውጣው ያሉ ነበሩ፤ ልጃቸው እንዳይወጣ ብላለች።

መርዶውን የነገርነው በራሳቸው ስልክ ነው፤ የሁላችን ቁጥር ያለው እዚያ ብቻ ነበርና። የደወልንለት ሁሉ «እትዬ፣ ደህና ዋልሽ?» እያለ አነሣ።

እትዬ ሃሎ የአንዲት ልጅ እናት፣ የሁለት ልጆች አያት ነበሩ። ሁለት ወንድሞቻቸውና አንዲት እህታቸው ዛሬ በአንድ ረድፍ ቆመዋል። የሁላችንም ስልክ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። ሳታነቡት እንዳትሄዱ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም በማይጠራቸው ስፍራ ያሳርፍልን።