ለባሰበት ስጡት

ጎንደር፣ ነሐሴ 6 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ ለራቢዓ፣

አሰላሙ ዐለይኪ እማ። ማክሰኝት ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል? ይህን በሚኒባስ ሹፌር እጅ የላክሁልሽ በስልክ ሁልጊዜ ስለምታሸንፊኝ ነው። እህቴ ፈህሚያ ጮክ ብላ ታንብብልሽ፤ እስክትጨርስ ከአጠገቧ እንዳትነሺ።

ዓይንሽ ቢጫ ሆኗል አሉ። ሻሽሽን ዝቅ አድርገሽ ትሸፍኚዋለሽ አሉ። ፈህሚያን አትቆጪያት፣ እኔ ነኝ ያስለፈለፍኳት።

እዚህ ሆስፒታላችን አልጋውም ኦክስጅኑም ለኮሮና ከሄደ ወዲህ፣ ለማያጣድፍ ቀዶ ጥገና የተረፈን ጥቂት አልጋ ነው። ስለዚህ ቀጠሮ የያዙትን እየደወልን እንጠይቃለን፤ የባሰበት ይቀድማል። ስለ ሐሞት ጠጠርሽ ደውሎ የጠየቀሽ ዶክተሩ ራሱ ነው፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

«እትዬ ራቢዓ፣ ሕመሙ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ! ምንም አልል ልጄ። ለባሰበት ስጡት።»

ስልኩን ዘጋና «እናትሽ መጠበቅ ይችላሉ» አለኝ። ትራስ ነክሰሽ እንደምታድሪ ነገርኩት፤ «ልጃቸው ስለሆንሽ ነው» ብሎ አለፈኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! በሱም፣ ባንቺም።

እማ፣ በኛ አገር ማን ነው «እንዴት ነህ?» ሲባል አስቀድሞ «አሞኛል» የሚል? የኮሶዬው አያ አድማሴ ቡአ ነበረባቸው። «ሸጋ ነኝ፣ ተመስገን፤ አዝመራውም ሸጋ ነው» አሉን። ቀጠሯቸውን ወደ ኋላ ገፋነው። ባለፈው ሳምንት አንጀታቸው ታንቆ በቃሬዛ መጡ። አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ደብዳቤው በደረሰሽ ማግስት፣ በመጀመሪያው ማኪና ከፈህሚያ ጋር ነይ። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣ ሰው ቀጠሮ አይጠብቅም፤ ያስገቡሻል። ሕይወት የምትባል ነርስ በሩ ላይ ትቀበልሻለች፤ በኔ ቦታ የገባችው እሷ ናት። ዶክተሩ ሲጠይቅሽ አላህን በልብሽ አመስግኚ፣ በአፍሽ ግን ሕመምሽን ተናገሪ። ስለጠባሁት ጡትሽ እለምንሻለሁ። «ለባሰበት ስጡት» ትያለሽ እንጂ፣ የባሰበት ሰው አንቺው ነሽ።

እኔ ኮሮና ክፍል ነኝ፣ ሥራ ተቀይሬ። መጥተሽ እንዳትፈልጊኝ፤ ጠያቂ አይገባም። ጽሕፈቴ ቢንጋደድ ፈህሚያ ይቅር ትበለኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ጋደም እያልኩ፣ ትንፋሽ እየወሰድኩ ነው የጻፍኩት።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ከቀዶ ጥገናው በሰላም ያውጣሽ። ዱዓሽ አይለየኝ። ስትነቂ ፈህሚያ ትደውልልኝ። ድምፄ ታፍኖ ቢሰማሽ አትደንግጪ፤ ማስኩ ነው፣ እዚህ ሁሉም ያደርገዋል።

ልጅሽ ያስሚን