ሦስት ጊዜ በሰላም ስለመለሳችሁኝ

ለተከበሩ የዋናው ባቡር ጣቢያ የእንግዶች መቀበያ ክፍል ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከመስታወቱ ማዶ ለተቀመጡት ሠራተኞችዎ በሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ጉሮሮዎን እግዜር ይጠብቅልዎ። ጉሮሮን ለይቼ ያነሳሁበትን ምክንያት ወደ ታች ስለምገልጽ ለጊዜው እንደ ማንኛውም መልካም ምኞት ይቀበሉልኝ።

ይህን ደብዳቤ በራሴ ቋንቋ መጻፌ እንደ ንቀት እንዳይቆጠርብኝ አደራ። በሦስት ሳምንት ቆይታዬ ከእናንተ ቋንቋ አጥንቼ የጨረስኩት «አመሰግናለሁ»፣ «ይቅርታ» እና «አሳንሰሩ ተበላሽቷል» የሚሉትን ብቻ ነው። የሚያነብልዎ ሰው ቢያጡ ግን አይጨነቁ፤ ደብዳቤውን ከአንድ ሰው አንገት ላይ አንጠልጥለው ወደ ከተማው ይልቀቁት። በራሴ ላይ እንዳየሁት ዞሮ ዞሮ እርስዎ ቢሮ መመለሱ አይቀርም።

ከብዙ እንግዶችዎ መካከል እንዳልረሳ ማንነቴን ላስታውስዎ። ሥራዬ የሴቶች ልብስ ስፌት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ወገብና ትከሻ ስለካ ኖሬያለሁ፤ ደንበኛ ልኳን በቃሏ ብትነግረኝ እንኳ ሜትሬን ሳላወጣ ጨርቅ አልቆርጥም። ሰው ማመን የማልወድ መሆኔን ጎረቤቶቼም ያውቁታል፣ እኔም አልክደውም። ከአገሬ ወጥቼ የማላውቀው ሴትዮ ብቻዬን ባቡር የተሳፈርኩት ስለ ታናሽ እህቴ ነው። እህቴ በእናንተ ከተማ የሰው ቤት እያጸዳች ስትኖር ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ወጣባትና ሐኪሞቹ ለሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ያዙላት። ድምጿ ሊተርፍም ላይተርፍም እንደሚችል አልደበቋትም። እሷም ደውላ፣ እትዬ፣ ከመግባቴ በፊት ድረሽልኝ፣ በገዛ አፌ የምነግርሽ ነገር አለኝ፣ ለስልክ አይሆንም አለችኝ። ባቡሬ ሐሙስ ጠዋት ልክ በአንድ ሰዓት ጣቢያችሁ ገባ። ሆስፒታሉ፣ በኋላ እንዳወቅሁት፣ ከጣቢያችሁ በእግር አርባ ደቂቃ ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1. ለወረቀቴ ስላደረጋችሁት ጥንቃቄ። ስልኬ ድንበሩን እንደተሻገርን ዝም ስላለ በእጄ የነበረው እህቴ የሆስፒታሉን አድራሻ በእናንተ ፊደል ጽፋ የላከችልኝ ወረቀት ብቻ ነበር። ከጉርዴ በታች በሰፋሁት የምስጢር ኪስ ውስጥ ይዤው ስለመጣሁ ለማውጣት ጥቂት ዞር ማለት ነበረብኝ። መነጽር ያደረገችው ሠራተኛዎ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ አነበበችው፣ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ከአንድ ቅጽ ጋር በስቴፕለር መታችውና ፋይል ውስጥ ከተተችው። እንድትመልስልኝ እጄን ብዘረጋ ጨበጠችኝ። በወረቀቱ ፈንታ በፕላስቲክ የተለበጠና ሰማያዊ ገመድ ያለው ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና ወደ በሩ አሳየችኝ። ማንበብ ባልችልም አድራሻውን እዚያ ላይ ገልብጣልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዴት እንደመጣልኝ ዛሬም ይገርመኛል።

2. ስለ ነዋሪዎቻችሁ ትብብር። መጀመሪያ ካርዱን ያሳየሁት ለአበባ ሻጩ ነው። አነበበ፣ በኀዘኔታ ተመለከተኝ፣ ሱቁን ክፍት ትቶ ክንዴን ይዞ ይመራኝ ጀመር። ቦርሳዬን በሁለት እጄ አቅፌ፣ ለሰው ብሎ ሱቁን የሚተው ነጋዴ የት ይገኛል እያልኩ ተከተልኩት። ያደረሰኝ እናንተ በር ላይ ነው። ከባለ መነጽሯ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ አብረው ነው የሚሠሩት።

ባለ መነጽሯ ውሃ በወረቀት ኩባያ ሰጠችኝ፣ ቅጽ አስፈረመችኝ፣ በሩ አጠገብ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይ ቁጥር ቀየረችና እንደገና ወደ ውጭ ሸኘችኝ። ወረቀቴን እንድትመልስልኝ በጣቴ አየር ላይ አራት ማዕዘን ብስልላት ሌላ ቅጽ አመጣችልኝ። እሱንም ፈረምኩ፤ ለክፉም ለደጉም ብዬ ግን ፊርማዬን አበላሽቼ ነው።

ሁለተኛው ፖስተኛ ነበር። ካርዱ ብቻ እንደማይበቃ ስለገባኝ የእህቴን ጉዳይ ለማስረዳት ጣቴን በጉሮሮዬ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሳብኩለት። ክንዴን ወዲያው ለቀቀና አምስት እርምጃ ከኋላዬ እየሄደ እናንተ ዘንድ አደረሰኝ። ሦስተኛዎቹ አንድ ዓይነት ኮፍያ ያደረጉ ሁለት ባልቴቶች ነበሩ፤ እነሱ እንኳ ግራና ቀኝ ይዘው እየሳሙኝ ነው የመለሱኝ። ውሃ፣ ቅጽ፣ ፊርማ፣ ሰሌዳ። ያን ጊዜ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር፤ እኔም ከተማው በሙሉ በአንድ ሰው የሚታዘዝ ማኅበር መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

3. ካርዱ ስለፈጠረብኝ አድናቆት። ያየው ሁሉ ዓይኑን የሚተክልበት ነገር ዋጋ ቢኖረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ስለዚህ በእናንተው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ መርፌና ክር አወጣሁና ማንም መንትፎኝ እንዳይሮጥ ካርዱን ከኮቴ ደረት ጋር በድርብ ክር ዙሪያውን ሰፋሁት። አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። እኔ የሰፋሁት በቀላሉ አይተረተርም።

ገና ከበሩ እንደወጣሁ አንገቷን በሻርፕ የጠቀለለች መንገድ ጠራጊ መጥረጊያዋን ጥላ ወደ እኔ መጣች። ካርዱን አነበበች፣ ወደ ጣቢያው አየች፣ ራሷን ነቀነቀችና እያንሾካሾከች ካርዱን ትጎትት ጀመር። በጠራራ ፀሐይ የሚያንሾካሹክ ሰው ምን ደግ ነገር ሊያወራ ይችላል? ጃንጥላዬን አነሳሁ። ክቡር ሆይ፣ ሁለት ጊዜ መታኋት፤ አንዱ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ሰው ተሰበሰበ፣ ጩኸት ሆነ፣ እሷ ግን አልሸሸችም። እኔም በንዴት መሐል ያችን የጉሮሮ ምልክቴን ደግሜ አሳየሁ፤ ማስፈራሪያም ልመናም ነበረች። ሴትዮዋ ቆም አለችና ሻርፗን ፈታች። ከአንገቷ ሥር ከጆሮ እስከ ጆሮ የተጋደመ ጠባሳ አየሁ። ስፌቱን በዓይኔ ለካሁት፤ ጥሩ እጅ ነው የሰፋው። የምታንሾካሹከው ሌላ ድምፅ ስላልተረፈላት ነበር።

እዚያው ሆስፒታል የታከመች ስለሆነች መንገዱን አላጣችውም። እጄን ይዛ ሮጠች፣ እኔም ሮጥኩ። አጠቃላይ ምስጋናዬ ውስጥ እሷ አልተካተተችም፤ የእሷን ለብቻው በእጇ ላይ ተደፍቼ አድርሻለሁ።

4. ስለ ሰዓቱ። የደረስኩት አራት ሰዓት ከሃያ ነው። ሐኪሞቻችሁ ሰዓት አክባሪዎች ስለሆኑ እህቴን በአራት ሰዓት አስገብተዋታል። በሩ ላይ የቆመችው ነርስ እኔን ስታይ ደረቴን በጣቷ ነካ አድርጋ «እትዬ?» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ከዚህ ሕዝብ መሐል ይህን ቃል ማን አስተማራት? ከዚያ ባዶ እጇን ተሽከርካሪ አልጋ እንደሚገፋ ሰው ዘርግታ፣ እንደ እህቴ አንገቷን ወደ ኋላ እያዞረች፣ እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ እያለች እስከ በሩ ድረስ ሄዳ አሳየችኝ። የእህቴን የመጨረሻ ድምፅ የሰማሁት እንግዲህ ከነርሷ አፍ ነው።

ሆስፒታሉ የመደበልን አስተርጓሚ በማግስቱ ካርዱን ከኮቴ ላይ አነበበልኝ። ይህ እንግዳ ቋንቋችንን አይችልም፣ እባክዎ ወደ ጣቢያው የእንግዶች መቀበያ ይመልሱልን ይላል። ሌላ ነገር ይኖረው እንደሆነ እንዲያይልኝ ስፌቱን ተርትሬ ጀርባውን ገለበጥኩለት። ጀርባው ላይ ጣቢያው የተመረቀበት ዓመት ተጽፏል።

ክቡር ሆይ፣ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን አንድ ነገር ልናዘዝ። የዘገየሁት ሃያ ደቂቃ ነው። አሥሩ የስፌቴ፣ አሥሩ የጃንጥላዬ ነው። ይህን ሃያ ደቂቃ በእናንተ ላይ ለማላከክ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞክሬ አቃተኝ፤ ሌሊት የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩሉን ግን ለእርስዎ ትቼዋለሁ፤ እርስዎም እንደኔ እንቅልፍ ካጡበት እንጽናናለን።

እህቴ ድናለች፣ ተመስገን። ድምጿ ግን አልተመለሰም፤ ምናልባት ከዓመት በኋላ ሹክሹክታ ይመጣ ይሆናል ብለዋል። ልትነግረኝ የነበረውን እንድትጽፍልኝ እስክሪብቶና ደብተር ሰጠኋት። እስክሪብቶውን ተቀበለችና «ተይው እትዬ፣ የሚጻፍ አልነበረም» ብላ ጻፈች።

ስለዚህ በፋይላችሁ ውስጥ ያለውን ወረቀቴን እንድትመልሱልኝ አልጠይቅም። በእህቴ እጅ የተጻፈ ወረቀት ዛሬ ቤቱን ሞልቶታል።

ለእርስዎና ለክፍልዎ ያለኝን፣ ልኩን በየትኛውም ሜትር የማልደርስበትን አክብሮት እየገለጽኩ፣ በተላኩበት ሁሉ በሰላም እንዲደርሱ ከልብ እመኛለሁ፤

በሰማያዊ ገመድ የምታውቋት
ልብስ ሰፊዋ

ማስታወሻ፦ በሩ አጠገብ የተሰቀለው ሰሌዳ «በዚህ ወር በሰላም የተመለሱ እንግዶች» እንደሚል አስተርጓሚው ነግሮኛል። ከቁጥሩ ውስጥ ሦስቱ እኔ ነኝና እባክዎ ይቀንሱልኝ። ያልደረሱት የሚጻፉበት ሌላ ሰሌዳ ካላችሁ ደግሞ እዚያ ላይ አንድ ይጨምሩልኝ።