ያቺ ሴትዮ የማን እናት ናት?

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አማቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ጉሮሮዎ እንዴት ነው፣ እህል ይወርድልዎታል? እንቅልፉስ? በርበሬው ደረሰ ወይስ ዘንድሮም ዝናቡ ያለ ጊዜው መጣበት? ወይኒቱና ልጆቿ፣ ጎረቤታችን እንዳለው፣ የንስሐ አባትዎ አባ ወልደ ሥላሴ፣ ሁሉም በያሉበት ደህና ናቸው? እኔን ከጠየቁኝ ሰውነቴ ደህና ነው። ሌላውን ቀስ ብዬ አወጋዎታለሁ።

የምታነብልዎ ወይኒቱ እንደሆነች አውቃለሁ። ወይኒቱ፣ አደራሽን፣ ደስ የማይለውን እየዘለልሽ እንዳታነቢ። ጠባይሽን አውቀዋለሁ፤ መርዶ እንኳ ስትነግሪ ሠርግ ታስመስይዋለሽ።

በስልክ አትነግሪኝም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። ኔትወርኩ እንደ ሽንዲ ዘመዶቻችን ነው፤ ሲያሻው ብቅ ይላል፣ ቁም ነገር ሲጀመር ይጠፋል። ዋናው ምክንያት ግን ልጅዎ ነው። እርስዎ ሲደውሉ እኔ ወሬ እጀምራለሁ፣ ገነነ ስልኩን ይቀበለኛል፣ «እናያለን እማዬ፣ እግዜር ያውቃል» ይልዎታል፣ እርስዎም መርቀውት ይዘጋል። ስለዚህ ደብዳቤውን ከምናገለግልበት የሕክምና መርከብ ወደ አዲስ አበባ ለምትመለስ አንዲት የአገራችን ልጅ ሰጠኋት። የፍኖተ ሰላሙ ሙንዲር ዕቃ ሊጭን ሲመጣ ይቀበላታል፤ መንገዱ ሲከፈት ቡሬ ያደርስልዎታል። ሙንዲር ታማኝ ነው። ሚስቱ ሃያት ግን ወሬ ስትሰማ አንጀቷ አይችልም፤ ለዚህ ነው ፖስታው እንዲህ በሙጫ የተለቀለቀው።

እዚያ ምን እንደሚባል እሰማለሁ። ዶላር እንደ ጤፍ እናፍሳለን አሉ። እትዬ፣ እዚህ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው። ካልሲዬ እንኳ ከፍኖተ ሰላም ገዝቼው የመጣሁት ነው፣ ተረከዙ አልቋል። ደግሞ ሃይማኖታቸውን ለወጡ ይባላል። እዚህ የሚጸልዩት በጊታር ነው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው። ሰዎቹ ፈጣሪን ይፈራሉ፣ ክፉ አይወጣኝም። እኔ ግን ረቡዕና ዓርቤን አልተውኩም። ወጥ ሠሪው «ዛሬም ባቄላ?» እያለ ይስቅብኛል፣ ቀቅሎም ይሰጠኛል። አባ ወልደ ሥላሴ ይህን ይስሙልኝ።

የመጣነውም በገነነ ሐሳብ ነው። መርከቡ ሐኪም የሌላቸው ሰዎች ያሉበት ወደብ ላይ ቆሞ በነጻ ያክማል፤ ነርስ ይፈልጋሉ፣ ክርስቲያን ባልና ሚስት ቢሆኑ ደግሞ ይወዳሉ ብሎ አመጣልኝ። እኔ ካርድ ክፍል ወረቀት የማገላብጥ ሴት ምን እሠራለሁ ብለው «በቁርባን የተጋባ አብሮ ነው የሚያገለግለው» አለኝ። ይህን ሲል እርስዎ በደስታ እልል አሉ። እኔም አመንኩ፤ ምን ይደረግ።

አሁን ሥራዬን ልንገርዎ፤ ሌላው ወሬ ሁሉ የሚመጣው ከእሱ ነው።

ገነነ ቀዶ ጥገና ክፍል ነው። እኔ በር ላይ ነኝ። ገና ጎህ ሲቀድ ሰዉ ይሰለፋል፤ ፊቱ ላይ እባጭ ያለበት፣ እንቅርት ያንጠለጠለ፣ እሳት ክንዱን ከደረቱ ያጣበቀው። ሐኪሞቹ አይተው የሚችሉትን ያስገባሉ። የማይችሉትን ወደኔ ይልካሉ። «አይሆንም» የምትለው ሴት እኔ ነኝ። እኔ የዳሞቷ! በኛ አገር አይሆንም ይባላል እንዴ እትዬ? ጨው ሊዋስ የመጣውን እንኳ «እስኪ ልየው» ብለን ወደ ጓዳ ገብተን፣ ዕቃ አንኳኩተን፣ «ውይ፣ አልቆብኝ ኖሯል» ነው የምንለው። ሽማግሌ ሲመጣ «እንመካከርበት» ካልነው ሽማግሌው ገብቶታል፤ ጋቢውን አስተካክሎ ይወጣል።

እዚህ ግን አይገባቸውም። በመጀመሪያው ሰሞን አንዲት ሴት ላኩብኝ፤ አገጯን የያዘ ትልቅ እባጭ፣ በሻርፕ የሸፈነችው። ቢላ የማይደርስበት ነበር። ምላሴ እምቢ አለኝ። «እግዜር ሲፈቅድ» አልኳት፤ አስተርጓሚው እንደወረደ ነገራት። እኛ ዘንድ ይህ ስንብት ነው። እሷ ግን ቀጠሮ መሰላት። አጥሩ ሥር ጨርቋን አንጥፋ ሰነበተች። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ በዓይኗ ትስቅልኛለች፣ እኔም እጅ እነሳለሁ፣ ሰው የምታስታምም መስላኝ። በኋላ አለቃዬ፣ አሮጊት ፈረንጅ ናት፣ ምን ትጠብቂያለሽ ብላ ጠየቀቻት። ያቺ ልጅ እግዜር ሲፈቅድ ብላኛለች፣ እስኪፈቅድ ነው ብላ መለሰች።

አለቃዬ አልጮኸችብኝም። ለብቻዬ ጠርታ እንዲህ ብቻ አለችኝ፦ «ክፉ አይደለሽም። ግን ከልጆቿ ጋር የምትቆይበትን ጊዜ ወሰድሽባት።»

ከዚያ አሳየችኝ። ቆሞ አይነገርም። ወንበር ትስቢያለሽ፣ ከሰውየው ዝቅ ብለሽ ትቀመጫለሽ። ሁለት እጁን ትይዣለሽ። በስሙ ትጠሪዋለሽ። ነገሩን ባጭሩ ትናገሪያለሽ። ከዚያ ዝም፤ እሱ ሳይነሳ አትነሺም። ሄጄ እንደዚያው አደረግሁ። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። ሻርፗን ከፊቷ አወረደች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቷን አየሁት። «እንኪያስ ቤቴ ልግባ» አለች፣ ገባችም። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ነው። በዚህ የሚያመሰግን የለም፣ ፎቶም የሚያነሳ የለም።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ያ እርስዎ ግድግዳ ላይ ያሰቀሉት ፎቶ አለ አይደል፤ ገነነ አንገቷ በፋሻ የተጠቀለለ አሮጊት አቅፎ የሚስቅበት። እንቅርቷ የወጣላት ቀን ነው። መርከቡ በየአገሩ በተነው፣ ሰው ሁሉ «አርአያ የሆናችሁ ባልና ሚስት» እያለ ጻፈልን። እርስዎ ግን በስልክ፣ ገነነ ሳይቀበለኝ በፊት፣ ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፦

«ያቺ ልጄ ያቀፋት ሴትዮ የማን እናት ናት?»

አላውቅም አልኩዎት። እሷንም ማርያም ትማራት አሉ። እትዬ፣ ያን ቀን ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ፣ መኪኖቹ ሲጮኹ ጠብቄ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ።

ምክንያቱም እኔ አልረሳሁም። ያ የአንገትዎ እብጠት ገና እንደ ሎሚ ሳለ የጤና ጣቢያው ሐኪም ባሕር ዳር ይሂዱ ብሎ ጽፎልዎ ነበር። «የማንም እጅ እንዳያርፍብዎ፣ እኔ ራሴ መጥቼ አሳክምዎታለሁ» ያለዎት ልጅዎ ነው። ይህ እንቅርት ነው፣ የደጋ ሴት ሁሉ ያለባት ነው አለ። ጠበቁት። ለጥምቀት አለ፤ ጠበቁት። ለፋሲካ አለ፤ በግ አስረው ጠበቁት። ሳስበው ያችን አጥር ሥር የተቀመጠችውን ሴት ነው የሚመስሉኝ፣ ጠዋት ጠዋት እየሳቁ። ወደዚህ እንዳናመጣዎ መርከቡ የሚያክመው የወደቡን አገር ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ሆነን ነው እንግዲህ የሰው እናት የምናሽረው።

ባለፈው ኔትወርክ ሲከፈት ወይኒቱ የአንገትዎን ፎቶ ላከችልኝ፤ ነጠላዎን ዝቅ አድርገው፣ ወደ ጎን ዞረው። ድምፅዎ እንደሻከረ፣ እንጀራ ትተው በአጥሚት እንደሚውሉም ነገረችኝ። ገነነን እጁን ይዤ ወደ ትልቁ ሐኪም ገባሁ። ሐኪሙ ፎቶውን አስፍቶ አስፍቶ አየው። ድምፃቸው ከመቼ ወዲህ ሻከረ አለ፤ ገነነ አላውቅም አለ። ውሃ ያንቃቸዋል ወይ አለ፤ አላውቅም አለ። የመለስኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።

ከዚያ ወንበር ሳበ። ስቦም ከኛ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

እኔ ተቀመጥኩ። ገነነ ቆሞ ቀረ።

ሐኪሙ ያለውን እዚህ አልጽፈውም። ወይኒቱ፣ ወረቀቱን አታገላብጪው፤ ጀርባው ላይ ምንም የለም።

ስንወጣ ገነነ «እናያለን» አለ። ለማን እንዳለው አላውቅም። በዚያው ሳምንት ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ፈረመ። ስጠይቀው እዚህ የሚፈልጉኝ ሰዎች አሉ አለኝ። ምን ልበለው፣ እውነቱን ነው፣ አሉ። ልጅዎ ክፉ ሆኖ እንዳይመስልዎ። የሰው እናት አንገት ሲከፈት እጁ አይንቀጠቀጥም፤ የእርስዎን ፎቶ ግን እስከ ዛሬ ደግሞ አላየውም። ፍርሃቱን አገልግሎት ብሎ ስም አወጣለት። ይህን ሳውቅ አዘንኩለት፤ ማዘኔ ግን ቁጣዬን አላበረደውም።

እንግዲህ ሥራዬን ልሥራ። እትዬ፣ ገነነ ለጥምቀት አይመጣም። ለፋሲካም አይመጣም። አይጠብቁት። በግም አይታሰርለት።

ይህችን ጽፌ ብዕሩን አስቀምጬ ነበር። እንደገና አነሳሁት።

የምመጣው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ክፍላችን የባልና ሚስት ስለሆነ እኔ ስወጣ እሱን ወደ ወንዶቹ መደዳ አልጋ ይመልሱታል፤ ከሁሉ ይልቅ ያስከፋው ይኼ መሰለኝ። እሑድ ደግሞ በጉባኤው ፊት አብራችሁ ቁሙና ስለ ትዳራችሁ መስክሩ ብለውን ነበር። አይሆንም አልኳቸው። ሳልቀመጥ፣ ቆሜ።

ስደርስ ከመደቡ እንዳይነሱልኝ። ድግስ አይደገስ፣ ጎረቤትም አይጠራ። ወይኒቱ ያቺን ባለሦስት እግር በርጩማ ከመደቡ አጠገብ ታኑርልኝ፤ ከእርስዎ ዝቅ ትላለችና ትበቃኛለች። ሁለት እጆችዎን ይሰጡኛል። ምራት አማቷን በስም መጥራት ነውር እንደሆነ ያሳደገችኝ እናቴ አስተምራኛለች፤ እስከ ዛሬም ስምዎ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን በስምዎ እጠራዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ቅኔ ሰሚ ነዎት፤ ለምን እንደምጠራዎት ከወዲሁ ገብቶዎት ይሆናል። ከገባዎትም እኔ እስክደርስ ለማንም አይናገሩ፤ ለሁለታችን ይቆየን።

ከዚያ አልነሳም፤ አብሬዎት ነኝ።

እስከዚያው አጥሚቱ ይውረድልዎ፣ ሌሊቱ በደህና ይንጋልዎ። ደጃፍዎ እግር አይጣ። የሰቀሉትን ፎቶ አያውርዱት፤ ያቺ ሴት ምንም አላደረገችም፣ የአንድ ሰው እናት ናት።

እማዬ፣ መጣሁ።

ልጅዎ