መልሱን አስይዛችሁ ስለፈተናችኋት እህቴ

ይድረስ ለሆስፒታሉ የቀጠሮ መተግበሪያ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለሙሉ ጤንነትዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃን ያለኝን ጽኑ ምኞት እገልጻለሁ። ሠላሳ ዓመት ፈተና ሳወጣ የኖርኩ ጡረተኛ መምህር ነኝ፤ እንደ እርስዎ ያለ ቸር ፈታኝ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

አንደኛ፣ መተግበሪያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ታካሚዎች ሲሞክሩት ታላቅ እህቴንም ስለጋበዟት አመሰግናለሁ። ስልክና አንድ ወረቀት ሰጧት። ወረቀቱም «አረንጓዴውን ‹አዲስ ቀጠሮ› የሚለውን ቁልፍ ይጫኑ፤ ቀጥሎ ‹የዓይን ክፍል› የሚለውን ይምረጡ፤ በመጨረሻ ‹አረጋግጥ› ይበሉ» ይላል። እሷም እንደተባለችው አደረገች፤ አጨበጨባችሁላት። እኔም መልሱን ጥያቄው ውስጥ ጽፌ ብሰጥ ኖሮ፣ ተማሪዎቼ አንድ ሳይቀሩ ዛሬ ሐኪም በሆኑ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ሃያውም ታካሚዎች ያለአንዳች ችግር ተጠቅመዋል» የሚል ሪፖርት ጽፈው የቀጠሮ መስጫውን መስኮት ስላዘጉልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሦስተኛውን ሳልቆጣ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለፈው ወር የእህቴ ግራ ዓይን መጋረጃ እንደወረደበት ሆነ። ቀድሞ የተያዘላት የዓይን ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ይቀረው ስለነበር እንዲቀርብላት ሆስፒታል ብትሄድ፣ ጥበቃው በመተግበሪያው ጠይቂ ብሎ ከበር መለሳት። ቀጠሮን ወደ ቅርብ ቀን ማምጫው ለካስ «የአገልግሎት ማሻሻያ ጥያቄ» በሚል ስም ሥር ተደብቆ ኖሯል። ማን ይገምታል? እሷ አሮጌው ካልተሰረዘ አዲስ አይሰጥም ብላ ‹ሰርዝ› የሚለውን ተጫነች። ቀጠሮው ጠፋ፤ ቀጣዩ ክፍት ቀን ከአራት ወር በኋላ ነበር። ሌላ ከተማ የምኖረው እኔ ሰምቼ፣ መጥቼ፣ እጇን ይዤ ሐኪም ፊት እስካደርሳት ዘጠኝ ቀን አለፈ። ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለን። ግራ ዓይኗ ከእንግዲህ አያይም።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ ግን ሌላ ነው። «ያኔ ችዬው ነበር እኮ፤ ምን ነክቶኝ ነው?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ያኔም አልቻለችም፤ የቻለው ወረቀትዎ ነው። ክቡር ሆይ፣ ሰው ስልኩን የሚያነሣው ችግሩን ይዞ እንጂ የቁልፎቻችሁን ስም ይዞ አይደለም። አንድ ቀን እንኳ የቁልፍ ስም ሳይጠሩ ችግሩን ብቻ ሰጥተዋት፣ አፍዎን ይዘው የት እንደምትሳሳት ቢያዩ ምን ነበረበት?

ሃያ ከሃያ ባመጣው ክፍልዎ እየተደነቅሁ፣ ከእህቴና ከቀራት አንድ ዓይን ጋር ሆኜ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጡረተኛው ፈተና አውጪ

ማስታወሻ፦ ለእርስዎም አንድ ፈተና አውጥቻለሁ፤ የቁልፍ ስም የለበትም። «የእናትዎ ዓይን ከትናንት ጀምሮ ጨልሟል። ሐኪም ዛሬውኑ እንዲያያቸው ያድርጉ።» በራስዎ መተግበሪያ ይሥሩት። አጠገብዎ ማንም አይቆምም፤ ሰዓት ግን ይያዛል።